የወንበር ቅብብሎሽ

ሚያዝያ 6

ለፌንጣዬ፣ ለልጄ ልጅ፤

ትንፋሽሽ እንደ አኮርዲዮኔ ረጅም ይሁን፤ ሳልሽ የውሸት፣ ሳቅሽ የእውነት ይሁን፤ በርሽን የሚያንኳኳ ሁሉ እጁን የታጠበ ይሁን። ይህን ምርቃት ያወጣሁት ራሴ ነኝ። የድሮዎቹ ምርቃቶች ለዚህ በሽታ አልተሠሩም።

እኔ ደህና ነኝ። አያትሽ ደግሞ ከደህናም በላይ ናት። «ከቤት አትውጡ» ከተባለ ወዲህ እኔን ለማዘዝ ፍለጋ መውጣት ቀርቶላታል። ይህን በብዕር እጽፋለሁ፤ እሷ በስልኳ ፎቶ አንስታ ትልክልሻለች። ጥግ ላይ የምታይው ጥቁር ነገር ተሐዋሲው አይደለም፣ አውራ ጣቷ ነው።

አዳራሻችን ተዘግቷል። ባለፈው ጭንብሌን አጥልቄ በደጃፉ ሳልፍ በሩ በሰንሰለት ታስሯል። በመስታወቱ አጮልቄ አየሁ። ወንበሮቹ አንዱ በሌላው ላይ ተቆልለዋል፤ መድረካችን ላይ የጽዳት ባልዲ ብቻውን ቆሟል። እንዲህ ያለ ዝምተኛ ዘፋኝ እዚያ መድረክ ላይ ወጥቶ አያውቅም።

ነጎድጓድ ድራሙን አልብሶ ቤቱ ተቀምጧል። ስሙን ያወጣሁለት እኔ እንደሆንኩ ታውቂያለሽ፤ በእጁ እንጂ በአፉ አንድ ቀን እንኳ ጮኾ የማያውቅ ሰው ነው። ቤዝ ጊታራችን ፀጉር አስተካካዩም ሱቁ ተዘግቶበት የከተማው ሰው ሁሉ ፀጉር ሲጎፍር ቆሞ ያያል። ለእሱ ይህ ከረሃብ ይብሳል።

የሰኔው የዳንስ ምሽታችን እየመጣ ነው። ጣሪያው ባፈሰሰበት ዓመት እንኳ አላቋረጥነውም። ዘንድሮ ይቅር የሚሉ አሉ። እኔ ግን «በኢንተርኔት እንጫወታለን» ብዬ አውጃለሁ። «እንዴት ተደርጎ?» ሲሉኝ «የልጄ ልጅ ታውቃለች» አልኳቸው።

አንድ ነገር ልጨምር። ባለፉት ደብዳቤዎችሽ ስለ ጉንፋንሽ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጎረቤትሽ ድመት ጽፈሽልኛል። ስለ ቫዮሊንሽ ግን አንድ ቃል የለም። አልሸሹም ዞር አሉ! እኔ የቆየሁ ሙዚቀኛ ነኝ፤ የጎደለ ድምፅ ይሰማኛል። ኦርኬስትራሽ እንዴት ነው? ትለማመጃለሽ?

ብር ላኪ አላልኩሽም። ወሬ ላኪ።

አያትሽ፣
ሥራ የፈታው ንጉሥ


ሚያዝያ 21

ለተከበሩ አያቴ፣ ለአባባ፤

ከጸጉርዎ እስከ ተረከዝዎ ሰላም ይሁኑልኝ። ለእማማም ጉልበታቸውን ያበርታልኝ፤ እርስዎን ለመቻል ያስፈልጋቸዋል።

እኔ በጣም ደህና ነኝ። አንድ የመድኃኒት መጋዘን ገብቼ ጓንት በካርቶን አሽጋለሁ። ሥራው መልካም ነው፤ ሰዎቹም መልካም ናቸው። ክፍሌ ትንሽ ብትሆንም ንጹሕ ናት። መስኮቴ ፊት ለፊት ግድግዳ አለ፤ ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ጥጉን ታበራዋለች። አዲስ የጠረጴዛ መብራት ገዝቻለሁ። ድመቷ ወልዳለች።

ስለ ኢንተርኔቱ፣ አባባ፣ ባይሞክሩት ይሻላል። እዚህ ሙዚቀኛው ሁሉ ከወጥ ቤት፣ ከመኝታ ቤት፣ ከሰገነት እየተጫወተ በስልክ ያስተላልፋል። አንድ ሰው ብቻውን ሲሆን ያምራል፤ አብሮ መጫወት ግን ሌላ ነገር ነው። እምቢ ካሉ በእማማ ስልክ የቪዲዮ ጥሪ ይክፈቱ፤ ሦስታችሁም ትተያያላችሁ። አደራ፣ ተናደው ደም ግፊትዎ እንዳይነሳ።

አክባሪ የልጅ ልጅዎ


ግንቦት 2

ለፌንጣዬ፤

ድመቷ የወለደቻቸውን ሁሉ ታሳድግ፤ መብራትሽ አይጥፋ፤ ግድግዳሽ ላይ የምታርፈው ፀሐይ አንቺም ላይ ትረፍ። መስኮትሽን፣ ጠረጴዛሽን፣ መብራትሽን አንድ በአንድ ቆጠርሽልኝ። ከክፍልሽ አንድ ዕቃ ጎድሏል። አልጠየቅሁም።

ምክርሽን ሰምቼ አልተውኩትም። ሞከርነው።

ነጎድጓድ ጎረቤት እንዳይሰማ ድራሙን ቁም ሳጥን ውስጥ አስገብቶ፣ በሚስቱ ቀሚሶች መሃል አንገቱን ብቻ አውጥቶ ተቀምጧል። ፀጉር አስተካካዩ ዝግ ሱቁ ውስጥ ነው። ከፊትም ከኋላም መስታወት ስለሆነ ስልኩ ላይ አንድ መንደር ቤዝ ተጫዋች ተሰልፎ ይታያል፤ ሁሉም ፀጉራቸው ጎፍሯል። አያትሽ ለአኮርዲዮኔ ጭንብል ሰፍታለታለች። «ሲተነፍስ የሚውለው እሱ ነው» አለች።

እንደምታውቂው የእኛ ባንድ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ብሎ ጀምሮ አያውቅም። የምንጀምረው በተረከዜ ነው፤ እኔ ወለሉን እረግጣለሁ፣ እነሱ ይገባሉ። ረገጥኩ። ገቡ። መጀመሪያ ላይ ደስ ይል ነበር። ከዚያ ነጎድጓድ ትንሽ ዘገየብኝ። ደግ ሰው ስለሆንኩ ጠበቅሁት። ፀጉር አስተካካዩ እኔን ጠበቀኝ። ነጎድጓድ ደግሞ እሱን ጠበቀው። እኔም መልሼ ነጎድጓድን። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይላሉ፤ የእኛ የዳንስ ዘፈን ግን ቀስ በቀስ ተመልሶ እንቁላል ሆነ። ሙሽራ ያስጨፈርንበት ዜማ የሬሳ መሸኛ መሰለ፤ ከዚያም ጭራሹን ቆመ። ሦስት ሽማግሌዎች አፋችንን ከፍተን ተያየን።

«አንተ ነህ የጎተትከን!» አልኩት ነጎድጓድን።

«እኔ? እኔማ አርጅቷል ብዬ አዝኜልህ ስጠብቅህ ነበር» አለ በሹክሹክታው።

«ሁለታችሁም እንቅልፍ ወስዷችሁ ነበር» አለ ፀጉር አስተካካዩ። «እኔ ባልቀሰቅሳችሁ ኖሮ ታንኮራፉ ነበር።»

«ስልኬን መልስልኝ» አለች አያትሽ ከበሩ ላይ። «ሰው ሞቶ ከሆነ ለቤተሰቡ ልደውል።»

ከዚያ ወዲህ ሦስታችንም ተኮራርፈናል። የአዳራሹ ጠባቂ ግን ሰው እየጠየቀኝ ነው ይላል፤ ሰኔ ደግሞ ቆሞ አይጠብቅም። ብር ላኪ አላልኩሽም፤ ወሬውንም ተይው። አሁን ጆሮ ላኪ። ስንጫወት ገብተሽ አዳምጪና ጥፋቱ የማን እንደሆነ ፍረጂ። የነጎድጓድ ነው በይ።

አያትሽ፣
ያልዘገየው


ግንቦት 19

ለተከበሩ አባባ፤

ቁጣዎ ከሻይዎ ቀድሞ ይቀዝቅዝ፤ ጓደኝነታችሁ ከኩርፊያችሁ ይርዘም። መልሴ ስለዘገየ ይቅርታ። ሥራ በዝቶብኝ ነበር። ደግሞም ምን ብዬ እንደምጽፍ አላውቅም ነበር።

እሑድ ዕለት አዳመጥኳችሁ። ፍርዱ ይኸው፣ ጥፋተኛ የለም። የእርስዎ ድምፅ ጋሼ ነጎድጓድ ዘንድ እስኪደርስ ትንሽ ይዘገያል። እሳቸው በሰሙት ላይ ይመታሉ። ምታቸው ተመልሶ እርስዎ ጋ ሲደርስ ደግሞ እንደገና ዘግይቷል። እርስዎ ሰነፉ ብለው ይጠብቋቸዋል፤ እሳቸውም እርስዎን ይጠብቃሉ። አባባ፣ ዘፈኑን የገደላችሁት በመተዛዘን ነው። መፍትሔው እያንዳንዳችሁ ለየብቻ ቀድታችሁ ኋላ ማገጣጠም ነው።

ስለ ጎደለው ዕቃ ደግሞ ልንገርዎ። ኦርኬስትራው ፈርሷል። በሩ ላይ አንድ ወረቀት ተለጠፈ፤ በቃ። መጀመሪያ ሰሞን እኔም እንደ ሰው ስልክ ፊት ቆሜ ተጫወትኩ። ስጨርስ ዝም። ወለል የሚረግጥ የለ፣ ወንበር የሚስብ የለ፣ የሚያስል እንኳ የለ። ማንንም ሳልሰማ መጫወት አልችልም፣ አባባ። ሳጥኑን ዘግቼ ቁም ሳጥን ላይ ሰቀልኩት፤ ከዚያ ወዲህ አልነካሁትም።

መጋዘኑ ለፈረቃ አለቃነት ሊያሠለጥነኝ ነው። ቫዮሊኑን ለአንዲት የሙዚቃ አስተማሪ ልሰጣት ተስማምቻለሁ። ከሰኔው ምሽታችሁ ቀጥሎ ባለው ሰኞ መጥታ ትወስደዋለች። ቁም ሳጥን ላይ ከሚደርቅ የሚጫወትበት ቢያገኝ ይሻላል።

እባክዎ አይቆጡኝ።

የልጅ ልጅዎ


ግንቦት 23

ለፌንጣዬ፤

ካርቶንሽ ይቅለል፤ ወገብሽ አይጉበጥ፤ ሐዘንሽ እንደ ጎረቤት ድመት መጥታ ትሂድ እንጂ ቤትሽ አትውለድ።

ስለ ቫዮሊኑ አንድ ቃል አልተነፍስም። የራስሽ ነው። ከፈለግሽ የድመቷ ልጆች ይተኙበት። አያትሽ ግን ደብዳቤሽን አንብባ ወጥ ቤት ገባችና በሩን ዘጋች። ስትወጣ ዓይኗ ቀልቷል። «ሽንኩርት ነው» አለችኝ። ሽንኩርት ካለቀብን ከራርሟል።

ለየብቻ ቀድቶ ማገጣጠም የምትይውን አልፈልግም። የተለጠፈ ዘፈን እንደ ተለጠፈ ፂም ነው፤ ሰው ሲያየው መጎተት ያምረዋል። ሌላ ነገር አግኝቻለሁ።

ጣሪያው ያፈሰሰ ለት ትዝ ይልሻል? ቁመትሽ ከቫዮሊንሽ ብዙም በማይበልጥበት ሰሞን ነው። ወንበሮቹ እንዳይረጥቡ ተሰልፈን ወደ ጓዳ አሳለፍናቸው። እኔ ለነጎድጓድ፣ ነጎድጓድ ለፀጉር አስተካካዩ፣ እሱ ላንቺ። አንቺ ጭራ ላይ ቆመሽ ወደ ጓዳ ታስገቢ ነበር። ወንበር ወደ ኋላ የመለሰ ሰው ነበር? ቢመልስ ኖሮ እስከ ዛሬ እዚያው እንጋፋ ነበር።

ድምፁንም እንደዚያው እናሳልፈው። የእኔ ለነጎድጓድ ይሂድ፣ የእሱ ግን ወደ እኔ አይመለስ። የሁለታችን ለፀጉር አስተካካዩ ይሂድ፤ የሦስታችን ላንቺ። አንቺ ለሕዝቡ ታወጪዋለሽ። ቢዘገይ አንድ ላይ ይዘገያል፤ ሰሚው ምን ያውቃል?

ኩርፊያችንን ትተን በስልክ ስነግራቸው ነጎድጓድ ትንሽ አሰበና፣

«ከፊት ያለው ታዲያ ማንን ይሰማል?» አለ።

«ማንንም።»

«ከፊት ማን ሊሆን ነው?»

ፈቃደኛ አልተገኘም። ሦስታችንም እርስ በርስ እየሰማን ያረጀን ሰዎች ነን። «የፊተኛው ከሌለ የለም የኋለኛው» አልኩና ተረከዜን አነሳሁላቸው። ብቻዬን ለግድግዳ እጫወታለሁ ማለት ነው። ይሁን፤ ከአያትሽ ጋር ስከራከር ለምጄዋለሁ።

ካንቺ የምፈልገው ጆሮሽንና ኮምፒውተርሽን ብቻ ነው። ወንበሩን ተቀብለሽ ማውጣት። ቫዮሊን አላልኩም፤ ሰምተሻል አይደል? የመጨረሻው ዘፈን ያ ያንቺው ነው፤ ማለቴ ድሮ ያንቺ የነበረው። መሃሉ ላይ እንደ ልማዳችን እኔ ዝም እላለሁ፤ ድራምና ቤዝም ይቆማሉ፤ ተረከዜ ብቻ ይቀራል። ባዶ ቢሆን ባዶ ነው። ሕዝቡ ይቅር ይለናል።

አያትሽ፣
የፊተኛው


ሰኔ 5

ለተከበሩ አባባ፤

ተረከዝዎ አይዛል፤ ተንኮልዎ ግን ትንሽ ይዛል።

ትናንት ስንሞክረው ሠራ! ወንበሩ ወደ ኋላ አልተመለሰም። ጋሼ ነጎድጓድ ስንት ዓመት ሲረግጥ የኖረውን የእርስዎን እግር ለመጀመሪያ ጊዜ ጥርት አድርጌ ሰማሁት ብለው ሲደነቁ ነበር። መጋዘን ውስጥ ወሬው ተሰምቶ ጓደኞቼ ሊያዳምጡ ነው።

ግን ነቅቼብዎታለሁ። ያንን መሃል በአኮርዲዮንዎ ይሙሉት። እኔ አልጫወትም። የተስማማሁት ላሳልፍ ነው። ባዶ ከተዉት ባዶውን አሳልፋለሁ፤ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ቢያፍሩ የለሁበትም። እሞላዋለሁ ብለው ይጻፉልኝ። መልስዎን እጠብቃለሁ።

የልጅ ልጅዎ፣
ጭራዋ


ሰኔ 15

ለፌንጣዬ፤

ዛሬ ምርቃቱ ከእኔ አይደለም፣ ከመንገዱ ሰው ሁሉ ነው። ሰብስቤ ልኬልሻለሁ፤ ተቀበይ።

ያ የመጨረሻ ደብዳቤሽ ሳይደርሰኝ ቀረ። ማለቴ፣ ደርሶ ነበር፤ መነጽሬ ግን ጠፋብኝ። መነጽሬ ሲገኝ ደግሞ አያትሽ ስልኳን ቻርጅ ማድረግ ረሳች። ዝም አይነቅዝም።

ቅዳሜ ዕለት ጥቁር ሙሉ ልብሴን ለብሼ፣ የመድረክ ጫማዬን ወልውዬ አልጋው አጠገብ ተቀመጥኩ። ተረከዜ ስር ሳንቃ አደረግሁ። አያትሽ ከጎረቤት ስልክ ተውሳ ሌላው ክፍል ገባችና በሩን ዘጋችው። «የአንተን ፊት ሳላይ ልስማህ እስቲ» አለች።

ረገጥኩ። ምንም።

ተጫወትኩ። ምንም። የግድግዳ ሰዓቱና የራሴ ትንፋሽ ብቻ። ነጎድጓድ ገብቷል? ፀጉር አስተካካዩ አለ? መስመሩስ አልተቋረጠም? አላውቅም። ዕድሜዬን ሙሉ ስጫወት የሚጨፍረው ሰው እግር ከወለሉ ተነስቶ በጫማዬ ይገባልኝ ነበር። አሁን ሳንቃው እንደ ሳንቃ ነው። «ማንንም ሳልሰማ አልችልም» ያልሽው ያኔ ገባኝ። ፈራሁ፣ ልጄ። ለነጎድጓድ አትንገሪው። ተረከዜ ግን አልፈራም፤ እሱ ድሮም ከእኔ ይሻላል።

የመጨረሻው ዘፈን ላይ ደረስን። መሃሉ ሲመጣ አኮርዲዮኑን አጥፌ ዝም አልኩ። መርገጥ ብቻ ያዝኩ። ጨለማ ውስጥ ቆሞ ወንበር እንደማቀበል ነው፤ የሚቀበልሽ እጅ ይኑር አይኑር አታውቂም። ወደ ዜማው ተመለስኩ፣ ጨረስኩ፣ ተነስቼ ለልብስ መስቀያው እጅ ነሳሁ። ሸሚዜ አላጨበጨበም።

ለሕዝቡ የሚወጣው ስርጭት ከእኛ ሁለት ሦስት ደቂቃ ወደ ኋላ እንደሚቀር ረስቼ ነበር። ቁጭ እንዳልኩ ከወዲያኛው ክፍል የራሴን አኮርዲዮን ሰማሁ። ከሥሩ ነጎድጓድ! ከጎኑ ፀጉር አስተካካዩ! አንድ ላይ፣ እንደ አንድ ሰው! በሩን በረገድኩት። አያትሽ ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ ቆማለች።

«ዝም በል!» አለችኝ፣ ገና አፌን ሳልከፍት።

የስልኩ አኮርዲዮን ቆመ። ተረከዜ ቀረ። አንዴ ረገጠ። ደገመ። ባዶ። እኔ ማን ፊት እንደማፍር እያሰብኩ ነው።

ከዚያ ፌንጣ ዘለለች።

ምን ልበልሽ! ቫዮሊኑ ከላይ ወርዶ በተረከዜ ላይ ቆመ። እኔ ሳልሰማሽ የረገጥኩልሽን ሁሉ አንድም ሳትጥይ ረግጠሽበት አለፍሽ። ዘፈኑ ሲያልቅ አያትሽ ስልኩን ደረቷ ላይ አስደግፋ ቀረች።

«ሽንኩርት ነው?» አልኳት።

«አዎ፤ ያንተም ዓይን ውስጥ ገብቷል» አለች።

መስኮቱን ስንከፍት ማዶ ያለው ፎቅ ሁሉ መስኮቱ ላይ ወጥቶ ያጨበጭባል። ከላይኛው ሰገነት አንዲት ሴትዮ «አንተ ሽማግሌ፣ ይደገም!» ትለኛለች። የአዳራሹ ጠባቂ ደግሞ ድምፅ ማጉያውን አውጥቶ ሰንሰለቱ በታሰረበት በር ላይ ሰቅሎት ነበር። ሰው መንገዱን ሞልቶ፣ በጭንብሉ፣ በየርቀቱ ቆሞ፣ አየሩን አቅፎ ጨፈረ። ያን ምሽት አላቋረጥነውም ማለት ነው። ወንበር ብቻ ነው የቀረብን።

አሁን ትልቅ ሰው ነኝ፣ አልጠይቅም ብያለሁ። ግን ዛሬ ሰኞ ነው።

አያትሽ


ሰኔ 18

ለአባባዬ፣ ለተንኮለኛው፤

የረገጡት ሁሉ ይዝፈን።

ሳጥኑን ያወረድኩት ለሰው ሳልፈትሽ እንዳልሰጥ ብዬ ነበር። ከከፈትኩት ወዲያ ቃኘሁት፤ ያልተቃኘ ነገር ለሰው አይሰጥም። ከቃኘሁት ወዲያ አጠገቤ አስቀመጥኩት፤ ለምን እንደሆነ አይጠይቁኝ።

ያ ቦታ ሲደርስ አኮርዲዮንዎ ቆሞ ተረከዝዎ ብቻ መጣ። ማንንም እንደማይሰሙ አውቃለሁ። እኔ እንደማልጫወት ጽፌልዎታለሁ። እርስዎ ግን እዚያ ክፍል ውስጥ ብቻዎን ሆነው ቦታዬን ጠብቀው ይረግጣሉ። እጄ እኔን አላስፈቀደኝም፣ አባባ።

መሃል ላይ ጎረቤቴ ግድግዳዬን መደብደብ ጀመረች። ልትቆጣ ነው ብዬ ደነገጥኩ። ሳዳምጣት ምቱ የተረከዝዎ ነው። ለካ ግድግዳው ወዲያ ሰው ነበር።

ሰኞ አስተማሪዋ መጣች። በር ላይ ተራርቀን ቆምን። «ይቅርታ፣ አልሰጥሽም» ልላት አፌን ስከፍት ቀደመችኝ።

«ተይው፤ ቅዳሜ ሰምቻለሁ» አለች። «የመጣሁት ለሌላ ነው። ተማሪዎቼ በየቤታቸው ተዘግተው እየተጠባበቁ ዘፈን ይገድላሉ። በስርጭቱ መጀመሪያ ያወራሽውን ያንን ወንበር ማቀባበል አሳዪን።»

እሺ አልኳት። ጓንቴን አሽጋለሁ፤ የአለቃነቱን ሥልጠና ግን ለጓደኛዬ ተውኩላት። ከሥራ ስመለስ የምሠራው አለኝ። ድመቶቹ ባዶው ሳጥን ውስጥ ተኝተዋል፤ ቫዮሊኑ ከዚያ ወዲህ አልገባበትም።

የእርስዎ ፌንጣ


ሰኔ 20

ለፌንጣዬ፤

የዛሬው ምርቃት አጭር ነው። እሰይ!

ነገር ግን ሙገሳ እንዳይመስልሽ። ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ ቸኩለሻል። ሕዝቡ አልነቃም፤ እኔ ነቅቻለሁ። ነጎድጓድም ሰምቷል፤ ግን ደግ ስለሆነ ዝም ብሏል። አስተማሪዋን ሰላም በይልኝ፤ ጎረቤትሽ ደግሞ ድራም ትማር።

የሰገነቷ ሴትዮ በየቀኑ እየጮኸች ስላስቸገረችን ሐምሌ ላይ እንደግመዋለን። ሰልፉን ቀይሬዋለሁ። እኔ ጭራ እሆናለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ከፊት ስረግጥ ኖሬ፣ አንዴ ሁሉንም ተቀብዬ ልስማ።

ከፊት አንቺ ነሽ። ብር አላልኩሽም፣ ወሬ አላልኩሽም፣ ጆሮም አላልኩሽም። ተረከዝሽን ላኪ። ጫማሽን አጥልቂ፣ ከሥሩ ሳንቃ አድርጊ፣ ያን ግድግዳሽን ፊት ለፊት እዪው፤ ማንንም ሳትሰሚ ርገጪ።

ከኋላሽ አለን።

አያትሽ፣
ጭራው